የሕዝብ ተጠሪ በዕጣ ይውጣ ወይስ በድምፅ ይመረጥ?

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦

ለክርክር የማቀርበው ጥያቄ ከአንድ ስብሰባ የተነሣ ነው። ዘመዶቼ በሚኖሩበት ቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ለመምረጥ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ዕለት አንድ አርሶ አደር ተነሥተው፣ «እጅ አውጡ ሲሉን ስናወጣ፣ አውርዱ ሲሉን ስናወርድ ኖርን፤ የዘንድሮው በዕጣ ይሁንልን» አሉ። ተሰብሳቢው ሣቀ፤ ሰብሳቢውም «ዕጣ ዲሞክራሲያዊ አሠራር አይደለም» ብለው ሐሳቡን በቃለ ጉባኤ እንኳ ሳያሰፍሩ አለፉት። እኔ የተሳሳቱት ሰብሳቢው ናቸው እላለሁ፤ ምክንያቴንም ከሥሩ ልጀምር።

ዲሞክራሲ የሚለው ስም «ሕዝብ» እና «ሥልጣን» የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የግሪክ ቃላት የመጣ ሲሆን፣ ሥርዓቱ በስፋት የተሠራባት አቴና አብዛኞቹን ሹሞቿን የምትሰይመው በዕጣ ነበር። ክሌይስቴኔስ የተባለው ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ግድም የከተማዋን አስተዳደር ሲያሻሽል ሕዝቡን በ10 ነገድ ከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ ነገድ ውስጥ የከተማውን፣ የባሕር ዳርቻውንና የመሀል አገሩን ሰው ደባለቀ፤ በዚህም የታላላቆቹ ቤተሰቦች ጉልበት ላላ። ከየነገዱ 50 ሰው ወጥቶ የ500 ሰዎች ሸንጎ ይቆም ነበር። በኋላ እንደጸናው ልማድ አባላቱ 30 ዓመት የሞላቸው፣ በዕጣ የወጡ፣ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚቀመጡና በዕድሜያቸው ሙሉ ከሁለት ጊዜ በላይ የማይመለሱ ነበሩ። በድምፅ የሚመረጡት እንደ 10ሩ የጦር አዛዦች ያሉ፣ የተለየ ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ የሚይዙ ሰዎች ናቸው። አሪስቶትልም በዕጣ መሾም የዲሞክራሲ፣ በምርጫ መሾም የጥቂቶች አገዛዝ ጠባይ ተደርጎ እንደሚታይ ጽፏል። ለምን እንዲህ እንደታየ ለመረዳት አቴና ድረስ መሄድ የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ በየስብሰባችን ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ሰው ወይ ሀብት ያለው፣ ወይ አንደበቱ የተባ፣ ወይ ያለፈው ኮሚቴ ዘመድ ነው።

ደግሞስ ዕጣ ለጎጃም ሰው ምኑ እንግዳ ነው? ዕቁባችን የሚወጣው በዕጣ ነው። የርስት መሬት ሲከፈል የዋና አባቱ፣ ማለት የመጀመሪያው ባለርስት፣ ይዞታ ለምንዝር አባቶች፣ ማለት ለልጆቹ፣ ወገን የሚደለደለው በዕጣ ነበር። አያቴ ሲያወጉኝ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ስንጥር ይሰጥና፣ የማን እንደሆነ ያላየ ሕፃን ተጠርቶ ያነሣ ነበር። በዚህ መንገድ አባቶቻችን ከሁሉ የሚሳሱለትን መሬታቸውን ካመኑ፣ እኛ የ5 እና የ7 ሰው ኮሚቴ ማመን ያቅተናል ወይ?

ጡረተኛ ዳኛ፣ ከሞጣ፦

መምህር፣ የአቴናውን ትምህርት በምስጋና ተቀብያለሁ፤ የርስቱን ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገሩን። ዕጣ የሚጣለው ድርሻው ከተካከለ በኋላ ነው። ሽማግሎቹ ለሙን ከጭንጫው፣ ቅርቡን ከሩቁ እያጣመሩ፣ ሲሟገቱ ውለው ሲሟገቱ ሰንብተው፣ የትኛውም ቁራሽ ለየትኛው ወገን ቢደርስ እንዳያስከፋ ካደረጉት በኋላ ስንጥሩ ይነሣል። ስለ ወገኑ የሚቆመው ፈጅ ግን በዕጣ ወጥቶ አያውቅም፤ የትውልድ ቆጠራ የሚያውቅ፣ በችሎት ቃሉ የማይያዝ ሰው ተፈልጎ ይሰየማል። ለዚህ ደግሞ የአቴና ሰዎችም የጦር አዛዣቸውን በድምፅ መርጠዋልና ከእኛ ጋር ናቸው ማለት ነው። ለሰላሳ ዓመት በችሎት ተቀምጬ እንዳየሁት የወሰን ክርክር ከጦርነት የቀለለ ነገር አይደለም።

ይህን ስል ምርጫ ሁሉን ያድናል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ ተፈቀደ፤ ፓርቲ ግን አልነበረም፤ ለመወዳደርም ንብረት ይጠየቅ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በዚያው ፓርላማ በኩል አልፎ መጣ። እኔ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ገማቾቹ ወደ መንደር ሲገቡ የሞጣም፣ የቢቸናም፣ የዳሞትም ገበሬ አንድ ነገር አሰበ፤ ዛሬ ምርቴን ከገመተ ነገ ቃላድ ጥሎ ርስቴን ይለካል አለ። ገማቾቹን መለሰ፤ መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መጣ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፤ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግብሩ ራሱ ከቀድሞው ይልቅ የከፋ ነበር ለማለት እቸገራለሁ፤ አሥራትን ያስቀረ አዋጅ ነበርና። ገበሬውን ያስቆጣው ወኪሎቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ሳለ እሱ ሳይጠየቅ መዋሉ ነው። የእንግሊዝ መኳንንት እ.ኤ.አ. በ1215 ንጉሣቸውን በማኅተም ያጸደቁት ቃል ኪዳንም ያለ ጋራ ምክር አዲስ ክፍያ አይጣልብን የሚል አንቀጽ ነበረበት። እነሱ መኳንንት ነበሩ፤ የእኛዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ጥያቄው አንድ ነው።

የሕግ ባለሙያ፣ ከቡሬ፦

አያ፣ የ1960ውን ከዐይን ምስክር መስማት ዕድል ነውና እግዜር ይስጥልን። እኔ ወደ መምህር ልመለስ። አቴና ዕጣ የወጣለትን ሰው እንዲሁ አታስቀምጠውም ነበር፤ ሥራ ከመያዙ በፊት ዜግነቱና ጠባዩ ይመረመራል፤ ዓመቱ ሲሞላ ሒሳቡን ያቀርባል፤ ያን ጊዜ የበደለውን ማንኛውም ዜጋ ሊከሰው ይችላል። መምህር ይህን ዘለሉት፤ ለእኔ ግን የክርክሩ ዋና ነገር ይህ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 12ም የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ ኀላፊም ተመራጭም ኀላፊነቱን ሲያጓድል እንዲጠየቅ፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሣት እንዲችል ይደነግጋል። በየቀበሌው ይህን ድንጋጌ ተጠቅሞ አንድ ሰው ያወረደ ሕዝብ ስንቶቻችን አይተናል?

ሌላው ፍርሃቴ ከብዙኃኑ ነው። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ያመፀባቸውን የሚቲሌኔን ከተማ ወንዶች ሁሉ ለመግደል በድምፅ ወሰኑ፤ በማግሥቱ ተጸጽተው ውሳኔውን ሻሩ፤ የግድያውን ትእዛዝ የያዘችው መርከብ ቀድማ ሄዳ ስለነበር፣ ሽረቱን የያዘችው ሁለተኛዋ መርከብ ለጥቂት ደረሰች። በ406 በባሕር ድል አድርገው የተመለሱ አዛዦቻቸውን፣ በማዕበል የሰጠሙትን አላዳናችሁም ብለው በአንድ ድምፅ መስጫ ፈርደው ስድስቱን ገደሉ። በ399 ደግሞ ሶቅራጥስን በዕጣ የወጡ ዳኞች ሞት ፈረዱበት። ሕዝብ በዕጣም ይውጣ በድምፅ፣ ከበላዩ ሊሻር የማይችል የሰው መብት ከሌለ የሚደርሰው ይህ ነው። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴስኪዩ እ.ኤ.አ. በ1748 ሕግ ማውጣትን፣ ማስፈጸምንና መዳኘትን በአንድ እጅ አታግቡ ያለውም በዚህ ፍርሃት ነው።

ሩቅ አገር አልሂድ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን በተደረገው የመሬት ሽግሽግ በየቀበሌው የሕዝብ ስብሰባ ነበር፤ ኮሚቴም ተመርጦ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ኀላፊ የነበሩት «ቢሮክራሲ» ተብለው ተለይተው ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ሲደረግ፣ ከመካከላቸው በግሉ ያጠፋውንና ያላጠፋውን የለየ ችሎት አልነበረም። ያ ኮሚቴ በዕጣ ወጥቶ ቢሆን ምን ይለወጥ ነበር?

የግብርና ባለሙያ፣ ከደጀን፦

እኔ አጭር ነኝ። የኮሚቴ አባል የይዞታ መዝገብ ማንበብ፣ ካርታ ላይ ወሰን መለየት፣ የውርስን ሕግ በጥቂቱም ቢሆን ማወቅ አለበት። ዕጣ ፊደል ያልቆጠረውንም ያወጣል፤ መዝገቡ ሲበላሽ የሚጎዳው ደግሞ ዕጣ ያወጣው ሕዝብ ነው። ለአቴና የሚበቃ ለእኛ ቀበሌ ላይበቃ ይችላል።

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦

የቡሬዋ እኅቴ በትክክል ያዘችኝ፤ ምርመራውንና የሒሳብ መቀበያውን መዝለሌ ጥፋት ነው። ለደጀኑ ወንድሜ ግን አየርላንድን ልጥቀስለት። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በዕጣ የተውጣጡ 99 ዜጎች፣ አንዲት ዳኛ እየመሩአቸው፣ ስለ ሕገ መንግሥት ማሻሻያና ስለ ሌሎች ከባድ ጉዳዮች መክረዋል። ባለሙያ ያስረዳቸዋል፤ ግራ ቀኙን ይሰማሉ፤ ሐሳብ ያቀርባሉ፤ የሕገ መንግሥቱን ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔ ይቋጨዋል። መዝገቡን የሚጽፈው ባለሙያ ይሁን፤ በመዝገቡ ላይ የሚፈርደው ጎረቤት ይሁን ነው የምለው። ስለ ፊደሉ ግን የምመልሰው የለኝም፤ እውነት ነው።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ከዳንግላ፦

እስካሁን ስለ ሕዝብ ስትነጋገሩ ስለ ወንዶች ነው የተነጋገራችሁት። የአቴና ዕጣ ለሴት፣ ለባሪያና ለመጤ አይወጣም ነበር። የእኛ ርስት በእናትም በአባትም ስለሚቆጠር በዚህ ከአቴና ይሻል ነበር፤ ሆኖም በጉባኤው ቆሞ የሚሟገተው ባል ወይም ወንድም ነበር፤ ሸማኔውና ቀጥቃጩማ አብዛኛውን ጊዜ ከርስቱም የለበትም። እንግዲህ ይህን ሁሉ «የአባቶቻችን ዲሞክራሲ» ብለን ከማሞገሳችን በፊት ማን ውጪ እንደቆመ እንይ።

እጅ ማውጣትን በተመለከተ ከሁሉ የሚገርመኝ የስዊስ ታሪክ ነው። አገሩ በሕዝብ ድምፅ ከማንም በላይ ይኮራል፤ ለሴቶቹ ግን በአገር ደረጃ የመምረጥ መብት የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ኒውዚላንድ በ1893 ከሰጠች በኋላ ማለት ነው። አፐንዘል ኢነርሮደን በሚባለው ተራራማ ክፍለ ግዛት ወንዶቹ ብቻ በየዓመቱ አደባባይ ወጥተው እጅ በማንሣት ይወስኑ ነበር፤ ሴቶች ይግቡ የሚለውንም በዚያው በተነሣው እጅ ደጋግመው ከለከሉ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1990 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አስገባቸው። ባሌ፣ አማቼና የቀበሌው ሊቀ መንበር በሚያዩኝ ቦታ እጅ ማንሣትና ብቻን ሆኖ ድምፅ መስጠት አንድ አይደሉም። ዕጣ ይሉኝታ የለውም፤ ስለዚህ እኔ ከመምህር ጋር ነኝ፤ ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቁጥር ይዘው ይወጣሉና።

ጡረተኛ ዳኛ፣ ከሞጣ፦

ልጄ፣ የተናገርሽው ይከብዳል፤ ላስታርቅ ልሞክር። ሐዋርያት በይሁዳ ቦታ ሰው ሲተኩ በመጀመሪያ ከጌታ ጋር የነበሩትን ሁለት ሰዎች አቆሙ፤ ቀጥለው ዕጣ ጣሉ፤ ለማትያስም ወጣለት። እኛም ከየጎጡ ሕዝብ የሚታመንባቸውን ብዙ ሰዎች በድምፅ ያቁም፤ ከእነዚያ መካከል ዕጣ ይጣል። ድርሻው ከተካከለ በኋላ ዕጣ ይነሣል ያልሁትም ይጠበቃል፤ መጽሐፉም፣ ርስቱም አይቃረኑም።

መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ፦

አያ፣ ከክሌይስቴኔስ በፊት የነበረው የአቴና ሕግ አውጪ የሶሎን ሥርዓትም እንዲሁ እንደነበረ ተጽፏል፤ ነገዶቹ ዕጩዎችን በድምፅ ካቀረቡ በኋላ ዘጠኙ ሹሞች ከእነሱ መካከል በዕጣ ይወጡ ነበር። በዚህ እስማማለሁ።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ከዳንግላ፦

እኔ አልስማማም። ዕጩዎቹን የሚያቆመው ያው የተነሣው እጅ ከሆነ፣ ሴቶቹ ዕጣው ጋ ሳይደርሱ በወንፊቱ ይቀራሉ። የመጀመሪያው ዙር በምሥጢር ይሁን፤ ወይም ከየጎጡ የሚቆሙት ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ይሁኑ፤ ዕጣውም ለየብቻ ይጣል።

ጡረተኛ ዳኛ፣ ከሞጣ፦

ሦስትና ሦስቱን ተቀብያለሁ። ምሥጢሩ ግን ፊደል ያልቆጠረውን ሰው እንዴት ያደርገዋል? ሌላ ሰው ሊጽፍለት ከሆነ ምሥጢርነቱ ቀረ።

የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ከዳንግላ፦

ባቄላና ሽንብራ አለ፣ አያ። ለእያንዳንዱ ዕጩ አንድ እንስራ ይቀመጥ፤ ባቄላ እሺታ፣ ሽንብራ እንቢታ ይሁን፤ መራጩ ከመጋረጃ ኋላ ገብቶ ይጣል።

የሕግ ባለሙያ፣ ከቡሬ፦

ኮሚቴው በሕዝብ የሚመረጥ ነውና ንጹሕ ዕጣ ከሕጉ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ የዳኛው ሐሳብ ግን ምርጫ ስላለበት የሚያከራክር ነው እንጂ በደፈናው የሚጣል አይደለም። መምህር፣ ለእኚያ አርሶ አደር ይንገሩልን፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ሰብሳቢው ባይቀበሉትም እንኳ ያልተቀበሉበት ምክንያት በቃለ ጉባኤ ይስፈርላቸው።