ይሁዳ ባይሸጠውስ ኖሮ?

የጉለሌው፦
ሰኞ ዕለት አያቴ ቤት ጎራ አልኩ። እንደ ልማዴ ጉንጯን ልስም ጎንበስ ስል ፊቷን መለሰችብኝ። «ሕማማት መግባቱን ረሳኸው? እንደ ይሁዳ ልትስመኝ ነው?» አለችኝ። አፈርኩ። ራቅ ብዬ እጅ ነስቼ ተቀመጥኩ። ሐሳቡ ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ጌታ ሊሞት ነው የመጣው አይደል? በነቢያት ተነግሯል። እንዲሞት ደግሞ አሳልፎ የሚሰጠው ሰው ያስፈልጋል። ታዲያ ይሁዳ የተጻፈበትን ከመፈጸም ውጪ ምን አጠፋ? እሱ ባይሸጠው እኛ ምን ይውጠን ነበር? የምታውቁ መልሱልኝ። ስድብ ግን ይቅር፣ ጾም ነው።

ዲያቆን ነኝ ባይ፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ የቆየ ነው። መልሱም የቆየ ነው። ማወቅ ሌላ፣ ማስገደድ ሌላ። እናቴ ለፋሲካ ዶሮ ስትሠራ እኔ ኩሽና ገብቼ ከድስቱ እንደምሰርቅ ታውቃለች። እንዲያውም አስባበት አንድ እንቁላል ትጨምራለች። ስላወቀች ግን እጄን ይዛ ድስቱ ውስጥ አልከተተችውም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር ዮሐንስ አፈወርቅም ነገሩን እንዲህ ነው የሚያየው፦ ይሁዳ የከዳው ስለተነገረበት አይደለም፤ የሚከዳ ስለሆነ ነው የተነገረበት።

የጉለሌው፦
እናትህ እኮ ድስቱን ክፍት ትታልህ ወጥታለች፣ ዲያቆን! ይሁዳ ከ12ቱ አንዱ ሆኖ የተመረጠ ሰው ነው። ከረጢቱን የያዘውም እሱ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስ ደግሞ ሌባ ነበር ይላል። ሌባ ከረጢት ይዞ 3 ዓመት ሲዞር ዝም ተባለ። በመጨረሻው እራት ማታ ደግሞ «የምታደርገውን ቶሎ ብለህ አድርግ» ተባለ። ይሄ ክልከላ ነው ፈቃድ?

ጠበቃ በቀጠሮ፦
ስሜቱን ትተን ማስረጃ እንይ። ማቴዎስ 26 ላይ ይሁዳን የጠራው የለም። በገዛ እግሩ ሄደ። የመጀመሪያ ቃሉ «ምን ልትሰጡኝ ትወዳላችሁ?» ነው። የተገደደ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ ጌቶች። 30 ብር መዘኑለት፣ ያንኑ ይዞ ወጣ። በኦሪት ሕግ፣ ዘጸአት 21 ላይ፣ 30 ሰቅል ማለት በሬ ወግቶ ለገደለው ባሪያ የሚከፈል ካሳ ነው።

አሁን ሂሳቡን ልብ በሉ። ከጥቂት ቀን በፊት ማርያም የጌታን እግር በናርዶስ ሽቱ ስትቀባ «300 ዲናር ያወጣ ነበር» ብሎ የተቆጨው ይኸው ሰው ነው። ብሩ የቤተ መቅደሱ ሰቅል ከነበረ 30ው ወደ 120 ዲናር ይመጣል። ጌታውን ከአንድ ብልቃጥ ሽቱ በግማሽ ባነሰ ዋጋ ሸጠው። ዋጋ የማያውቅ ሰው ቢሆን እሺ። ይሄ ገንዘብ ያዥ ነበር!

ዶሮ ማታ፦
ጠበቃ ምስክር ከፈለግህ ዶሮውን ጥራ 😂 ለማያውቁት፦ በጸሎተ ሐሙስ የሚነበብ መጽሐፈ ዶርሆ የሚባል አለን። ማዕድ ላይ የቀረበውን የተሠራ ዶሮ ጌታ ያስነሣዋል። ተነሥቶ ይሁዳን ከኋላ ከኋላ ይከተለዋል። ከሚስቱ ጋር ሲማከር፣ ከካህናቱ ጋር ሲዋዋል አንድ በአንድ ሰምቶ ተመልሶ ይናገራል። ልጅ ሆኜ ስሰማው እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! የድሮ አባቶች እንኳ ሰውየው የራሱን ጉዳይ ሲያሯሩጥ ነው ያሳዩን፤ የሰማይ መልእክት ሲያደርስ አይደለም።

ሸክላ ሠሪው፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፣ አታባርሩኝ። «ዝም ብሎ አስቀድሞ አውቆ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ በጣም ይቀላል። ጴጥሮስ በሐዋርያት ሥራ 2፥23 ላይ የሚለውን እዩ። «በእግዚአብሔር በተወሰነው አሳቡና በቀደመው እውቀቱ ተሰጥቶ» ይልና ትንፋሽ ሳይወስድ «ሰቅላችሁ ገደላችሁት» ይላል። ማወቅ ብቻ ሳይሆን መወሰንም አለበት። ደግሞም «እናንተ ገደላችሁት» አለበት። ጴጥሮስ ሁለቱን ላስታርቅ አላለም፤ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው አለፈ። እኔም ሮሜ 9 ላይ፣ ሸክላ ሠሪ በጭቃው ላይ ሥልጣን አለው የሚለው ጋ ስደርስ ጭቃ መሆኔ ትዝ ይለኛል፣ አፌን እይዛለሁ።

የጉለሌው፦
አፍ መያዝ መልስ ነው እንዴ?

ሸክላ ሠሪው፦
አይደለም። ግን ሐቀኛ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆቼ፣ ደህና አመሻችሁ? 35 ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። የኛ ሰው ሲወድቅ «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» ይላል። ሲሳካለት ግን «ለፍቼ ነው» ነው የሚለው። ስለ ይሁዳ ዕድል የምንከራከረውም ብዙ ጊዜ ለራሳችን ማምለጫ ስንፈልግ ይመስለኛል። ስሙ ራሱ አንድ ነው፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ብለን ስንፎክርበት የኖርነው ስምና የአስቆሮቱ ስም። ስሙ አላስገደደውም።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ልምጣ። ሰውየው ተጸጽቷል እኮ። ማቴዎስ 27ን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ብሩን ይዞ ተመለሰ። «ንጹሕ ደም አሳልፌ በመስጠቴ በድያለሁ» አለ። ከዚህ በላይ ምን ኑዛዜ አለ? ካህናቱ ምን አሉት? «እኛስ ምን አግዶን? አንተው ተጠንቀቅ።» ብሩን ወርውሮ ሄደ፣ በዚያው ጠፋ። እነሱ ደግሞ ብሩን ከወለል ለቀሙና የደም ዋጋ ነው፣ ወደ መባ ሣጥን ሊገባ አይገባም ብለው ተማከሩ። ለሳንቲሙ ሕግ ጠቀሱ፤ ለሰውየው አንድ ቃል አጡ። በብሩ የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙ፣ የእንግዶች መቃብር አደረጉት። ጴጥሮስም በዚያው ሌሊት 3 ጊዜ ክዷል። እሱ ግን አልቅሶ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ። ይሁዳ ጸጸቱን ይዞ የሄደው ገዢዎቹ ጋ ነው። እስኪ የሸጠው ጌታ ጋ ሄዶ ቢሆን ኖሮ?

ዲያቆን ነኝ ባይ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛም የምናስተምረው ይሄንኑ ነው። ከክህደቱ ይልቅ ተስፋ መቁረጡ ነው የጣለው።

ከጅዳ ተመላሽ፦
እኔ ሥነ መለኮት አላውቅም። የሆነብኝን ልንገራችሁና ፍረዱ። ጅዳ 7 ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ደመወዜን በየወሩ ለታላቅ ወንድሜ እልክ ነበር። «ቤትሽ እየተሠራ ነው፣ ጣሪያው ደረሰ» ይለኝ ነበር። የቤት ፎቶ ሁሉ ልኮልኛል። ስመለስ ቤቱ አለ፤ በስሙ ነው። ሰዎች ተከራይተውበታል። በር ላይ የወጣችው ተከራይ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለችኝ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ወንድሜ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ያ ባይሆን ኖሮ ተመልሳ ጅዳ ትሄድ ነበር። እዚህ ባትቀር ባሏን አታገኝም ነበር። እግዚአብሔር ለበጎ ነው ያደረገው።» ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ «እውነቱን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ባሌን እወደዋለሁ። ያገኘሁትም እዚሁ ስንከራተት ነው። የዛን ቀን ግን ጉሮሮዬ ተዘግቶ አንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ የጉለሌው «ይሁዳ ባይሸጠው እኛ ምን ይውጠን ነበር» ስትል የሰማሁት የወንድሜን ድምፅ ነው። ይቅርታ።

የጉለሌው፦
እህቴ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው። በዚህ በኩል አላሰብኩትም።

ጠበቃ በቀጠሮ፦
እህቴ፣ የሰነድ ጉዳይ ካለ ለብቻ እናወራለን፤ የላክሽባቸውን ደረሰኞች አትጣያቸው። አሁን ወደ ክርክሩ። ወንድምሽ የተናገረው የዮሴፍን ንግግር ነው፤ ሰርቆ ግን ነው። ዘፍጥረት 50፥20ን እዩ። ዮሴፍን በ20 ብር የሸጡት ወንድሞቹ ናቸው። «እናንተ ክፉ ነገርን አሰባችሁብኝ፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያለው ማን ነው? የተሸጠው። ሻጮቹ እንዲህ ለማለት አልደፈሩም፤ እነሱ እግሩ ላይ ወድቀው ባሪያዎችህ ነን ነበር ያሉት። የተሸጠውም ቢሆን «ለመልካም» ከማለቱ በፊት «ክፉ አሰባችሁ» ብሏል። ወንድምሽ የፊተኛውን ግማሽ ዘሎ ነው ወደ ኋለኛው የገባው።

ሸክላ ሠሪው፦
ይሄኛው ልቤ ገባ። ሮሜ 9ንም እንደዚሁ ማንበብ ሳይኖርብኝ አይቀርም። ጳውሎስ ስለ ሌላው ሰው ዕጣ ተደላድሎ ሲፈርድ አይደለም የጻፈው፤ ስለ ወገኖቹ ብዙ ኀዘን አለብኝ ብሎ ነው ምዕራፉን የጀመረው።

ዶሮ ማታ፦
ጲላጦስስ ታዲያ? እጁን ታጥቦ «እኔ ንጹሕ ነኝ» አለ፤ ፈርሞ ግን አሰቀለው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከነሚስቱ በክብር ይታሰባል። ለሮማዊው አዘንን፣ ለይሁዳ ጨከንን። ይሄ አድልዎ አይደለም?

ዲያቆን ነኝ ባይ፦
በኋላ አምኗል የሚል ትውፊት ስላለን ነው። እጁን ስለታጠበማ አይደለም።

የጉለሌው፦
እሺ፣ እኔ ከግማሽ በላይ ተረትቻለሁ። ይሁዳ ዕቅዱን ስለፈጸመ አይመሰገንም፤ እሺ። ዕቅዱ ግን የእርሱን ክፉ ነገር እንዴት ተጠቀመበት የሚለው አሁንም አልገባኝም። አያቴን ስጠይቃት «አንተ ዓቢይ ጾምን በሙሉ ጾምክ?» አለችኝና ዘጋችው። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። ነገ ሐሙስ ነው፣ ካህናቱ የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታ ያጠበው የ11 ነው የ12?

ዲያቆን ነኝ ባይ፦
የ12። ዮሐንስ 13ን ተከትለህ ሂድ። ይሁዳ ከታጠበ በኋላ፣ ቁራሹንም ከተቀበለ በኋላ ነው የወጣው። አሳልፎ የሚሰጠውን ያውቅ ነበርም ይላል፣ እዚያው ላይ።

ጡረተኛው መምህር፦
«ሌሊትም ነበረ» ይላል ቀጥሎ። ተማሪዎቼን ይቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ አስጽፌአቸዋለሁ።

ከጅዳ ተመላሽ፦
እኔ ነገ ጉልባን እቀቅላለሁ። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ጉልባን ይወዳል። ልልክለት እችላለሁ። ብልክለትም ግን በላስቲክ ነው፤ ሰሃኔን አላምነውም።