«የባከነ» ወይስ «የተሸነፈ» ድምፅ? በምርጫ ሥርዓታችን ላይ የተነሣ ክርክር

ባለ ቀይ ብዕር፦
ትናንት ማምሻውን በራዲዮ ስለ ሰባተኛው ምርጫ ዝግጅት ከሚወያዩት እንግዶች አንዱ «ተመጣጣኝ ውክልና ሕዝባችንን ግራ ያጋባዋል፤ ያለውን ብናጠናክር ይሻላል» ሲሉ፣ አዘጋጁም «ልክ ብለዋል» ብሎ ሲያልፋቸው ሰማሁና እስካሁን ንዴቱ አልለቀቀኝም። በዕቁብና በዕድር ስንት ዓይነት ሒሳብ ሲያወራርድ ለኖረ ሕዝብ «ከመቶ ሃያ ድምፅ ያገኘ ከመቶ ሃያ ወንበር ይያዝ» የሚለው ነው የሚከብደው? ግራ የሚያጋባውስ አሁን ያለው ነው። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች አንድ ሳያስቀር ወሰደ፤ በከተማዋ ኢሕአዴግን የመረጠ ሰው አንድም ተወካይ አላገኘም። በ2002 ደግሞ በዚያችው ከተማ ኢሕአዴግ 22ቱን ሲወስድ ለተቃዋሚው አንዲት ወንበር ብቻ ተረፈች። ከተማው እንዳለ በአምስት ዓመት ውስጥ ልቡን ገለበጠ የሚል ካለ ያስረዳኝ። አንደኛ የወጣው ሁሉን የሚጠቀልልበት ሥርዓት እስካለ ድረስ የቀረው ሰው ድምፅ ባክኖ መቅረቱ ነው።

ሕግ ጠቃሽ፦
ንዴትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን «ባክኖ» የሚለው ቃል የፖለቲከኛ ቃል ነው። የባከነ ድምፅ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የተሸነፈ ድምፅ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባል በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጥ ደንግጓል። ይህም የሆነው ሕዝብ የመረጠውን ሰው በስሙና በመልኩ እንዲያውቀው፣ አመኔታ ያጣበት ቀንም እንዲያወርደው ነው። በተመጣጣኝ ውክልና ፓርቲው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያዘጋጀውን የስም ዝርዝር ስንመርጥ ግን የምናወርደው ማንን ነው?

የፒያሳው፦
«የተሸነፈ ድምፅ»! ይህችን ቃል በክር አስሬ አንገቴ ላይ ባንጠለጥላት ደስ ይለኛል። ወንድሜ፣ የሚሸነፍ ዕጩ ነው። ድምፁ የመራጩ ነው፤ መራጩ ደግሞ ከምርጫው ማግስት ጀምሮ ለአምስት ዓመት ግብር ይከፍላል። ቡድኑ ስለተሸነፈ ደጋፊው ከስታዲየም ለአምስት ዓመት አይታገድም። «አመኔታ ያጣበት ቀን ያወርደዋል» ላሉት ደግሞ፣ እርስዎ ዕድሜዎ ስንት ነው? መራጮቹ ጠርተው ያወረዱትን አንድ የምክር ቤት አባል ይጥሩልንና እኛም እናጨብጭብ።

ሕግ ጠቃሽ፦
ዕድሜዬ ክርክሩን አይመለከተውም። አንድ መብት ሥራ ላይ አለመዋሉ መብቱን ሽሮ ለመጣል ምክንያት ሊሆን አይችልም። በር ሳይከፈት ቢቆይ ግድግዳ ነው ብለን አንደፍነውም።

ከዋሽንግተን፦
በ1997 ግንቦት 7 ቀን ድምፄን የሰጠሁት አዲስ አበባ ነው፤ ያንን ሰልፍ የቆመ ሰው ዛሬም አይረሳውም። ከምርጫው በኋላ የሆነው ግን «ድምፅህ ተሸነፈ» ከመባል የከፋ ነበር። ግድያውን እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚሽን ራሱ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ዘግቧል። እኔን የሚያሳስበኝ የወንበሩ ስሌት ሳይሆን ወንበሩን የሚያጣ መንግሥት የሚያደርገው ነገር ነው። ስሌቱን ብትቀይሩትም ባትቀይሩትም፣ ቆጣሪው ካልተለወጠ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ነው።

የፒያሳው፦
በርቀት የሚቆጭ ሰው አያጣንም። እርስዎ የማይሰለፉበትን ሰልፍ እኛ ተሰልፈን ስሌቱን ደግሞ እርስዎ ያወጡልናል ማለት ነው?

ከዋሽንግተን፦
የማልሰለፈው አልፈልግም ብዬ አይደለም። ውጭ የሚኖር ዜጋ በየኤምባሲው ድምፅ ይስጥ የሚለው ጥያቄ ስንት ዓመቱ ነው? ገንዘብ ላኩ ሲባል ልጆቿ ነን፤ ምርጫ ሲመጣ እንግዶች እንሆናለን።

ሕግ ጠቃሽ፦
ዜግነትዎን ካልቀየሩ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ አብሬዎት እጠይቃለሁ። የሌላ አገር ፓስፖርት ይዘው በቢጫ ካርድ፣ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማለት ነው፣ የሚመላለሱ ከሆነ ግን ካርዱ የመምረጥ መብት እንደማይሰጥ ሲቀበሉት ያውቁ ነበር።

ከዋሽንግተን፦
የኪሴን ሰነድ መፈተሽ ከተጀመረ ክርክሩ የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። ዝም ብያለሁ።

ባለ ቀይ ብዕር፦
ወደ ጉዳዩ እንመለስ። «የተሸነፈ ድምፅ» ለሚሉት ሕግ ጠቃሽ አንድ የአፍሪካ አገር ልጥቀስ። ሌሴቶ በ1998 እ.ኤ.አ. እንደኛው ዓይነት ሥርዓት ይዛ ምርጫ አካሄደች። አሸናፊው ፓርቲ ከመቶ 60 ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ80 ወንበሮች 79ኙን ወሰደ፤ ሩብ ለሚጠጋ መራጭ የደረሰችው አንዲት ወንበር ነበረች። ያ ሩብ ሕዝብ «ተሸንፈሃል፤ ግባ ቤትህ» ሲባል ወደ ቤቱ አልገባም፤ አደባባይ ወጣ፣ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች፣ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮች ገቡ። ከዚያ በኋላ ተደራድረው ቅይጥ ሥርዓት አመጡ፦ 80 ወንበር በምርጫ ክልል፣ 40 ወንበር ደግሞ አጠቃላዩ ውጤት ከድምፁ ጋር እንዲመጣጠን ማካካሻ። በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲሱ ሥርዓት መርጠው ተቃዋሚዎች ፓርላማ ውስጥ ተቀመጡ። ሕዝቡ ግራ አልተጋባም።

ሕግ ጠቃሽ፦
ታሪኩን ከመካከሉ ቆርጠው አቆሙት። ያችው ሌሴቶ በ2012፣ በ2015 እና በ2017 እ.ኤ.አ. ተደጋጋሚ ምርጫ አካሂዳለች፤ ጥምረት ይመሠረታል፣ ይፈርሳል፣ ሕዝቡ ዳግመኛ ይሰለፋል። ይህ ነው የሚመኙልን?

የሃይፋው፦
ስለ ተደጋጋሚ ምርጫ እኔን ጠይቁኝ። እስራኤል ውስጥ ከሚያዝያ 2019 እስከ ኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ፣ አራት ዓመት ባልሞላ ማለት ነው፣ አምስት ጊዜ መርጠናል። አገሩ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ነው፤ 120 ወንበር አለ፤ ከመቶ 3.25 ድምፅ ያላገኘ ዝርዝር አይገባም። እናቴ አራተኛው ላይ «እንደገና ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ቢሆንም ሥርዓቱን ሙሉ በሙሉ አልረግመውም። እኛ ቤተ እስራኤል በየከተማው የተበተንን ነን፤ በምርጫ ክልል ቢሆን ኖሮ የትኛውም ቦታ አብላጫ አንሆንም ነበር። ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2020 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ የተወለደች የመጀመሪያዋ ሚኒስትር ስትሆን ወደ ፓርላማ ያስገባት ዝርዝር ነው። ጉዳቱ ደግሞ እንዲህ ነው፦ በዝርዝሩ ላይ ከላይ ወይም ከታች የሚያስቀምጥህ አብዛኛውን ጊዜ የፓርቲው አለቃ በመሆኑ፣ ሰፈርህ ሲቸገር የምትፈራው ሰፈርህን ሳይሆን አለቃህን ነው።

የፒያሳው፦
ይኸውላችሁ፣ ሕግ ጠቃሽ «የተሸነፈ» የሚሉት ድምፅ እዚያ ሚኒስትር ሆነ።

ሕግ ጠቃሽ፦
የሃይፋው ወንድሜ የተናገሩትን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ዘለሉት። በተጨማሪም የእኛ ሕገ መንግሥት የተበተነውንና አናሳውን አልረሳም፤ ከ550 ከማይበልጡት ወንበሮች ውስጥ ከ20 የማያንስ ለአናሳ ብሔረሰቦች ለይቷል። ተመጣጣኝ ውክልና ሲመጣ የግል ዕጩውስ ምን ይሆናል? በ2013 አራት የግል ተወዳዳሪዎች አሸንፈዋል። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፓርቲ ዝርዝር ብቻ ስትመርጥ ቆይታ፣ ይህ የዜጋን መብት ይጥሳል ብሎ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቷ በ2020 እ.ኤ.አ. እስኪወስን ድረስ ለብቻው የቆመ ሰው ለብሔራዊ ምክር ቤቱ መወዳደር አይችልም ነበር።

ባለ ቀይ ብዕር፦
እኔ ንጹሕ የዝርዝር ሥርዓት አልጠየቅሁም፤ ቅይጥ ነው ያልሁት። የግል ዕጩዎ በምርጫ ክልሉ ይወዳደር። እርስዎ የሚከላከሉለት ሥርዓት ግን በ2002 ከ547 ወንበር 545ቱን፣ በ2007 ደግሞ 547ቱንም ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሰጥቷል። በ2013 ቦርዱ ይፋ ካደረጋቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ያዘ። ሦስቱም ጊዜ «አብላጫ» ነው ይሉኛል። አንድ ሰው ብቻውን በሚዘፍንበት ቤት ዜማው ቢሰበርም «ተሳስተሃል» የሚለው የለም።

ሕግ ጠቃሽ፦
የ2007ቱን ውጤት በስሌቱ ብቻ የሚያሳብብ ሰው የታሰሩትን፣ የተዘጉትን ጋዜጦች፣ በየቀበሌው የነበረውን አንድ ለአምስት አደረጃጀት ይቅር ማለቱ ነው። ሰው እየፈራ ከመረጠ በተመጣጣኝ ውክልናም ቢሆን መቶ ከመቶ መቶ ከመቶ ነው። ይህንን እኔ ስናገር ደግሞ የገዥው ፓርቲ ጠበቃ እባላለሁ።

የፒያሳው፦
ማንም አላለዎትም። ራስዎ ነዎት ያሉት።

የጣቢያዋ ጸሐፊ፦
ክርክራችሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ ቆይቼ አንድ ነገር ለመናገር ተገደድሁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ከአዲስ አበባ ውጭ በአንድ የገጠር ጣቢያ ምርጫ አስፈጻሚ ነበርሁ። በአገር ደረጃ ሰዓቱ እስከ ምሽቱ 3፡00 ተራዝሞ ስለነበር ቆጠራ የጀመርነው በጨለማ ነው፤ ኮሮጆውን ከፍተን ወረቀቱን በየዕጩው እየለየን በጠረጴዛ ላይ ከመርነው። ትልቁን ክምር ለመቁጠር ሁሉም ዓይኑን ተክሎበት ነበር። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግን አሥራ አንድ ወረቀት ያላት ትንሽ ክምር ነበረች፤ የዚያ ዕጩ ወኪል ዝናቡን ፈርቶ ቀደም ብሎ ሄዷል። አሥራ አንዷን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ በቅጹ ላይ በአኃዝም በፊደልም ጽፌ ፈረምሁ። የውጤቱን ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍነው፤ ጠዋት ስመለስ ዝናቡ ቀለሙን አጥቦት፣ የላይኛው ስም ብቻ ይነበብ ነበር። እነዚያ አሥራ አንድ ሰዎች ባከኑ ወይስ ተሸነፉ እያላችሁ ስትከራከሩ ትዝ አሉኝ። ሆኖም ባለ ቀይ ብዕርንም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በቅይጡ ሥርዓት መራጩ ሁለት ድምፅ ይሰጣል ማለት ነው። ለክልሉም ምክር ቤት ሌላ ወረቀት አለ። ያንን ሁሉ ለይቶ የሚቆጥር አስፈጻሚ ምን ያህል ሥልጠና ይሰጠዋል? ከ36 ሚሊዮን በላይ ሰው በተመዘገበበት አገር፣ በየጣቢያው ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ራዲዮ ላይ የተናገሩት ሰውዬ አይደሉም፤ እኛ ነን።

ባለ ቀይ ብዕር፦
እህቴ፣ ጥያቄዎ ከእኔ ሁሉ ክርክር ይበልጣል። ሌሴቶን ጠቅሼ አልመልስም፤ የእነርሱ ሕዝብ ቁጥር ከአንዳንድ ዞኖቻችን ያነሰ ነው። ያም ቢሆን አስፈጻሚውን ማሠልጠን የሚቻለው ሕጉ ቀድሞ ሲለወጥ ነው፤ ምርጫው ደጃፍ ላይ ከደረሰ በኋላ «ጊዜ የለም» ማለት ልማድ ሆኗል። ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ መስከረም 30 ቀን 2009 ለሁለቱ ምክር ቤቶች ሲናገሩ የምርጫ ሕጉ ተሻሽሎ ተመጣጣኝ ውክልና እንደሚገባበት አስታውቀው ነበር። ፓርቲዎቹም በድርድር ቅይጥ ሥርዓት ላይ ተነጋግረው ነበር። አዋጅ 1162/2011 ሲወጣ ግን ጉዳዩ የለም።

ሕግ ጠቃሽ፦
ያልነበረው አዋጅ ሕገ መንግሥትን ማሻሻል ስለማይችል ነው። ለዚህ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ይሁንታ ያስፈልጋል። በዚያ ድርድር ላይ ደግሞ መድረክን የመሰለ ፓርቲ በአደራዳሪ ጉዳይ ሳይስማማ ወጥቶ ነበር፤ ስለዚህ «ፓርቲዎቹ» ሲሉ የትኞቹ እንደነበሩ ይጨምሩበት። ይልቅ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እናንሣ፤ የምርጫ ክልል ወሰን በሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ እንደሚወሰን፣ ቆጠራውም በየአሥር ዓመቱ እንደሚካሄድ ተጽፏል። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ወዲህ ስንት እጥፍ ሰፋች? ወንበሯ ግን ያው 23 ነው።

የፒያሳው፦
ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማማን፤ ቀኑን መዝግቡልኝ። ይህ ማለት ግን የእኔ ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ ያነሰ ይመዝናል ማለት ነው። ይህስ የተሸነፈ ነው የባከነ?

ሕግ ጠቃሽ፦
በትክክል ያልተመዘነ ነው።

የፒያሳው፦
ሦስተኛ ስም አወጡለት።

የሃይፋው፦
የጣቢያዋን ጸሐፊ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፦ ያ አሥራ አንድ ድምፅ ያገኘው ዕጩ ውጤቱን ማየት ችሎ ነበር?

የጣቢያዋ ጸሐፊ፦
በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ቅጂውን አሳየሁት። «አሥራ አንድ?» አለ፤ ቤተሰቡ ብቻ ዘጠኝ መራጭ ነበረውና ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ሲያስብ ቆሞ ቀረ።