የወይን ፍሬ መሰንጠቅን ለመቀነስ፦ የጋራ ዕቅድ ረቂቅ

የማኅበሩ ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የምናስገባውን ዕቅድ ጀምሬዋለሁ። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። እዚህ ባቱ አካባቢ በየካቲት የተገረዘ ወይን የሚደርሰው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ፍሬው ለስልሶ ስኳር መያዝ ሲጀምር ዝናቡ ይደርስበታል። ሥሩ ውኃ ይስባል፣ ቆዳውም ከላይ ይጠጣል፣ ውስጡ ያብጥና ይሰነጠቃል። ጥቅጥቅ ያለ ዘለላ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ፍሬዎቹ ይገፋፋሉ። አንዷ ስትፈነዳ ጭማቂዋ ጎረቤቷን ያረጥባል፣ ሻጋታና ዝንብ ይከተላል። ነጋዴው እንዲህ ያለ ሳጥን ሲያይ ዋጋ እንኳ አይጠራም።

ሐሳቤ ይኸው፦ ዘር አልባ ወይን ላይ ጂብሬሊክ አሲድ የሚባለውን የዕፅዋት ዕድገት ሆርሞን በትንሽ ቦታ እንሞክር። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት ሲረጭ የዘለላውን አጽም ያስረዝማል። ፍሬዎቹ ይራራቃሉ፣ አየር ይገባል።

አባል፣ ከሐይቁ ዳር፦ የኔ ዘር ያለው ቀይ ወይን ነው። እኔስ?

ጸሐፊ፦ እትዬ፣ የእርስዎን አንነካም። ዘር ያላቸው ብዙ ዝርያዎች በጂብሬሊክ አሲድ ይጎዳሉ። ለከርሞ የሚያፈራውን እንቡጥ ሊያመክን ይችላል። ለእርስዎ መስኖውን ማስተካከል ይሻላል።

አንጋፋ አባል፦ ልጆች፣ መድኃኒት ከመግዛታችን በፊት ገረዛውን እንይ። በመስከረም መጨረሻ የገረዝኩት ጥር ሲያልቅ ይደርሳል። ያኔ ዝናብ የለም፣ ስንጥቅም እምብዛም አላይበትም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። የዕቅዱ መጀመሪያ ይሁን። የየካቲቱን ገረዛ መተው ግን የዓመቱን ሁለተኛ ምርት መተው ነው፤ ብዙዎቻችን አንችለውም። ሙከራው ለዚያኛው ምርት ይሁን።

የግብርና ባለሙያዋ አባል፦ እስማማለሁ፣ ግን መጠኑ በግምት አይሁን። ዘለላው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን በሊትር 10 ሚሊግራም ይበቃናል። ለ15 ሊትር መርጫ 150 ሚሊግራም ንጥር ማለት ነው። እሽጉ ላይ 10 በመቶ ከተባለ 1.5 ግራም ይመዘናል። በማንኪያ አይሰፈር፣ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ያስፈልጋል። ምርቱ መመዝገቡንም ከግብርና ባለሥልጣን እናጣራ።

ፍሬ ከያዘ በኋላ ለማወፈር የሚረጨው ሌላ ሥራ ነው። ፍሬው ሲወፍር ዘለላው መልሶ ይጠብቃል፣ ለኛ ችግር አይበጅም። ሱቅ ውስጥ «ፍሬ ያወፍራል» ሲባል እንዳትቸኩሉ፣ አደራ።

አንድ ነገር ደግሞ ረቂቁ ውስጥ አላየሁም። የተሰነጠቀውን ፍሬ ስታዩ ቆዳው ላይ ቡናማ መረብ የመሰለ ጠባሳ አለ? ካለ ጥፋተኛው ዝናቡ ብቻ አይደለም። ፍሬው ገና ጥሬ ሳለ አመድ የሚያስመስለው ሻጋታ ቆዳውን ገድሎታል። የሞተ ቆዳ አይለጠጥም፣ ውስጡ ሲያድግ ይቀደዳል። ያንን ሆርሞን አያድነውም። ስለዚህ ስንቆጥር ጠባሳ ያለውንና የሌለውን እንለይ።

ጸሐፊ፦ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ገባ። እንግዲህ በየማሳው አንድ ረድፍ ይከፈላል፤ ግማሹ ይረጫል፣ ግማሹ አይረጭም። መሐል ላይ ሁለት ግንድ ሳይቆጠር ይቀራል፣ ነፋስ ስለሚያሻግር። ውኃውም ለሁለቱም እኩል፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ። መሬቱን አድርቆ በአንዴ ማጥለቅለቅ ራሱ ያሰነጥቃል።

አባል፣ ስንዴም የሚያመርት፦ መርጫውስ? ብዙዎቻችን ስንዴ ላይ ቱ ፎር ዲ የሚባለውን የአረም ማጥፊያ የረጨንበት ነው ያለን። ወይን ለቱ ፎር ዲ በጣም ስስ ነው፤ ጥቂት ቅሪት እንኳ ቅጠሉን ያጨማድደዋል። ታጥቧል ብዬ አላምንም። ለሙከራው አዲስ መርጫ ይገዛ።

ባለሙያዋ፦ እኔም ይህን አጥብቄ እደግፋለሁ።

ጸሐፊ፦ ሁለት አዲስ መርጫና አንድ ሚዛን በጀቱ ላይ ጨምሬያለሁ። መርጫዎቹ ላይ በቀይ ቀለም «ለወይን ብቻ» ይጻፍ፣ በማኅበሩ መጋዘን ይቀመጡ። ዘር አልባ ያላችሁ ረድፍ የምትሰጡ አባላት እዚሁ ሥር ስማችሁን አስፍሩ።