በደብተር የምደምረው የቴኒስ ነጥብ ከይፋዊው የዓለም ደረጃ ጋር ለምን አይገጥምም?

ጥያቄ፦ ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ (መስከረም 2018)

ጤና ይስጥልኝ። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በምናዘወትረው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የወንዶች ሜዳ ቴኒስ የመጀመሪያዎቹን አሥር ተጫዋቾች ደረጃ በየሳምንቱ ጽፈን እንለጥፋለን። በጥር 2017 የነበረውን ይፋዊ ዝርዝር በደብተር ገልብጬ፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ተጫዋች ያገኘውን ነጥብ በላዩ ላይ ስደምር ቆየሁ፤ ይሁን እንጂ ድምሬ ወር በወር እያበጠ ሄዶ አሁን ከይፋዊው በሺዎች ይበልጣል። ከሁሉ የገረመኝ ያኒክ ሲነር በዩኤስ ኦፕን ለፍጻሜ ደርሶ 1300 ነጥብ አግኝቶ ሳለ፣ ይፋዊ ነጥቡ ቀንሶ ከአንደኝነት መውረዱ ነው። ደግሞም ውድድሩ በተጋመሰበት ሰኞ አዲስ ዝርዝር ብጠብቅ ሳይወጣ ቀረ፤ ኔትወርኩን እያማረርኩ ስልኬን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁት። ስሕተቴ የቱ ጋ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የሒሳብ መምህር፣ ጅማ

ወንድሜ፣ የደመሩት በትክክል ነው፤ መቀነሱን ግን ዘለሉት። በኤቲፒ (የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ ማኅበር) ደረጃ አንድ ነጥብ የሚቆየው ለ52 ሳምንታት ብቻ ነው። ዓመት ሲሞላው ይወርድና ተጫዋቹ በዚያው ውድድር ዘንድሮ ያገኘው ይተካል። የጠቀሱትን ዩኤስ ኦፕን እንውሰድ። ሲነር እ.ኤ.አ. በ2024 ሻምፒዮን ስለነበር 2000 ነጥብ ይዞ ነበር፤ ዘንድሮ በፍጻሜው ተሸንፎ 1300 ሲያገኝ 700 ጎደለበት፤ ስለዚህ ከ11480 ወደ 10780 ወረደ። ካርሎስ አልካራዝ በአንጻሩ አምና በሁለተኛው ዙር ስለተሰናበተ የሚወርድበት 50 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ዘንድሮ ዋንጫውን ወስዶ 2000 ስላገኘ 1950 ተጨመረለትና ከ9590 ወደ 11540 ወጣ። ከውድድሩ በፊት በ1890 ነጥብ ይመራ የነበረው ሲነር በአንድ ውድድር ምክንያት በ760 ተበለጠ። አልካራዝ ወደ አንደኝነቱ የተመለሰውም በጳጉሜን 3 ቀን 2017 ነው።

ሰኞ የጠበቁት ዝርዝር ስለቀረበት ምክንያት ስልክዎን አይውቀሱ። ግራንድ ስላም (እንደ ዩኤስ ኦፕን ያሉት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅ፣ በመሀሉ ባለው ሰኞ ዝርዝሩ አይታደስም።

መልስ 2፦ የአዌቱ ልጅ

መምህሩ በሚገባ አስረድተዋል፤ እኔ የምጨምረው ደብተርዎ ጨርሶ ከንቱ እንዳልሆነ ነው። ከእያንዳንዱ ተጫዋች ድምር ላይ በጥር የገለበጡትን መነሻ ቁጥር ቢቀንሱ የሚቀርዎት ሬስ ከሚባለው ዝርዝር ጋር በጣም ይቀራረባል። ሬስ በየወቅቱ መጀመሪያ ሁሉም ከዜሮ የሚነሱበት ሠንጠረዥ ሲሆን፣ በኅዳር ቱሪን ላይ በሚካሄደው የስምንቱ ተጫዋቾች የማጠቃለያ ውድድር ማን እንደሚሳተፍ የሚለየው እርሱ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ከነሐሴ በኋላ ከዋናው ደረጃ ይልቅ ሬሱ የበለጠ ልብ ያንጠለጥላል፤ ግድግዳው ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ብትለጥፉ የሻይ ቤቱ ክርክር ይደምቃል።

መልስ 3፦ ቡና ነጋዴው

ይህን ያህል ከመድከም በስልክ የቀጥታ ደረጃ የሚያሳዩ ገጾችን መክፈት አይቀልም? ጨዋታው እንዳለቀ ነጥቡን አስተካክለው ያሳያሉ።

መልስ 4፦ የሒሳብ መምህር፣ ጅማ

ይቀላል፤ ነገር ግን የቀጥታው ደረጃ ይፋዊ ስላልሆነ ውድድሩ ሳያልቅ የተለጠፈ ቁጥር በማግስቱ ሊያሳፍራችሁ ይችላል። ከዚህም በላይ ይፋዊው ደረጃ ራሱ ሁልጊዜ የወቅቱን ብርታት አያሳይም። ሲነር እ.ኤ.አ. በ2025 ከየካቲት እስከ ግንቦት መጀመሪያ ለሦስት ወር ታግዶ፣ አምና ያሸነፈው የማያሚ ውድድር 1000 ነጥብ ጭምር ወርዶበት አንደኛ እንደሆነ ቆይቷል፤ ተከታዮቹ ክፍተቱን ሊዘጉት አልቻሉምና። ኖቫክ ጆኮቪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ዊምብልደንን አሸንፎ ሳለ ከ3ኛ ወደ 7ኛ ወርዷል፤ የሩሲያና የቤላሩስ ተጫዋቾች በመከልከላቸው ኤቲፒ ለዚያ ውድድር ነጥብ ስላልሰጠ፣ የ2021 ድሉ 2000 ነጥብ ሲወርድ የሚተካው አልነበረም። ጉዳቱን የሚያሳየው የሚወርደው የአምናው ነጥብ ነውና ደብተሩን «አምና»፣ «ዘንድሮ» እና «ልዩነት» ብለው ያስምሩት።

ጠያቂው፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ተቀምጬ የሁለቱን ተጫዋቾች ሠራሁት፤ 11540 እና 10780 በትክክል ወጣልኝ። ደብተሩን ያሰመርኩት በወር በወር ስለነበር ለጳጉሜን ቦታ እንኳ አልተውኩላትም፤ አሁን ከ1 እስከ 52 ሳምንታትን ቆጥሬ እንደገና አስምሬዋለሁ። ሆኖም ከአሥረኛው ደረጃ አካባቢ ያለ አንድ ተጫዋች የአምናውን ቀንሼም ቢሆን ከይፋዊው ጥቂት በልጦብኛል።

መልስ 5፦ የአዌቱ ልጅ

ያ ተጫዋች ብዙ ትንንሽ ውድድሮችን ተጫውቶ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2025 በነበረው ሕግ ለአንድ ተጫዋች የሚቆጠሩለት 19 ውጤቶች ነበሩ፤ በከፍተኛ ደረጃ ላይ ላሉት አራቱ ግራንድ ስላሞችና ስምንቱ አስገዳጅ ማስተርስ 1000 ውድድሮች (ለአሸናፊው 1000 ነጥብ የሚሰጡት) የግድ ይገቡ ነበር፤ ከቀሩት ውስጥ የሚያዙላቸው የተሻሉት ሰባት ነበሩ። ስለዚህ ሰባቱ ሞልተው ሳለ ለአሸናፊው 250 ነጥብ የሚሰጥ ውድድር ቢያሸንፍና ከሰባቱ ዝቅተኛው 100 ቢሆን፣ የሚጨመርለት 150 ብቻ ነው። ለየተጫዋቹ እነዚህን ሰባት በእርሳስ ይጻፏቸው፤ ቶሎ ቶሎ የሚሠረዙት እነርሱ ናቸው።