ከፓምፑ የሚወጣው ባለ አንድ ሽቦ ገመድ የት ነው የሚሰካው?

ጠያቂ፦ ማታ_ገጣጣሚ

ሰላም ለሁላችሁ። ሊኩዊድ ኩለር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር (ሲፒዩ) በውሃ የሚያቀዘቅዘውን፣ «ኤአይኦ» የሚሉትን፣ እየገጠምኩ ነው። ራዲያተሩ ባለ 360 ነው፣ ሦስት ፋን አለው። ብሎኑም ፔስቱም አልቋል፣ ገመዱ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ።

ከፓምፑ ሦስት ገመድ ይወጣል። አንዱ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ሳታ ነው፣ ለሃርድ ዲስክ ፓወር የምንሰካው ዓይነት። ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ዩኤስቢ ነው። ግራ ያጋባኝ ሦስተኛው ነው። አፉ እንደ ፋን ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሽቦው ግን አንድ ብቻ። ሁለቱ ቀዳዳዎች ባዶ ናቸው። ተበጥሶ ይሆን ብዬ በስልኬ መብራት አገላብጬ አየሁት። ምንም የተበጠሰ ነገር የለውም፣ ከፋብሪካ እንዲሁ ነው የወጣው።

ማዘርቦርዱ ላይ ደግሞ «ሲፒዩ ፋን»፣ አጠገቡ «ሲፒዩ ኦፕት»፣ ራቅ ብሎ «ኤአይኦ ፓምፕ»፣ ታች «ሲስተም ፋን» የሚሉ አሉ። ሁሉም መልካቸው አንድ ነው፣ አራት አራት ፒን። ማኑዋሉ ስዕል ብቻ ነው፣ እሱም በአጉሊ መነጽር የሚታይ። ይቺን ሽቦ የት ልሰካት? ፋኖቹንስ? ገና አላበራሁትም። የሚቃጠል ነገር ይኖር ይሆን?

ካቻቢቴ፦

ወንድሜ ተረጋጋ። እነዚህን አራቱን ብታምታታቸው የሚቃጠል ነገር የለም። ሁሉም ለፋን የተሠሩ ባለ 12 ቮልት መሰኪያዎች ናቸው። የሚለያዩት ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) በሚያዛቸው መንገድ ነው።

ወደ ሽቦዋ ልምጣ። ተራ ፋን ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ግራውንድ፣ አንዱ 12 ቮልት፣ ሦስተኛው በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚናገር። አራተኛ ካለው እሱ የፍጥነት ማዘዣው ነው። ያንተ ፓምፕ ኃይሉን በሳታ ከፓወር ሰፕላዩ ይወስዳል። ስለዚህ ከማዘርቦርዱ ኃይል አይፈልግም። የቀረችው ሽቦ ሦስተኛዋ ናት፣ ወሬ ነጋሪዋ። «አለሁ፣ እየዞርኩ ነው» ትላለች፣ በቃ። የትኛውም ላይ ብትሰካት ፓምፑ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ሳታውን ከረሳኸው ግን ሽቦዋ ተሰክታም ፓምፑ አይነሳም።

እኔ ብሆን «ኤአይኦ ፓምፕ» ላይ እሰካታለሁ። ባለ ሦስት ቀዳዳው አራት ፒን ላይ እንዴት ይገባል እንዳትለኝ። መሰኪያው ጀርባ ላይ የፕላስቲክ ምላስ አለች። እሷን ተከትለህ ስትገፋው አራተኛው ፒን ውጭ ይቀራል። እንዲያ ተብሎ ነው የተሠራው።

ፋኖቹን «ሲፒዩ ፋን» ላይ አድርጋቸው። ካርቶኑ ውስጥ አንዱን ወደ ሦስት የሚከፍል ገመድ ካለ በእሱ ተጠቀም። ቀረብ ብለህ ብታየው ከሦስቱ አፎች አንዱ ብቻ ሽቦው ሙሉ ነው፣ የሌሎቹ አንድ ይጎድላል። ይኼም ብልሽት አይደለም። ሦስት ፋን ባንዴ ዙሩን ቢናገር ቦርዱ የማንን ይስማ? አንዱ ብቻ እንዲያወራ ነው የተተወው። አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እይ። ፋኑ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ስንት አምፔር እንደሚወስድ ይናገራል። የሦስቱን ደምረው። አብዛኛው የፋን መሰኪያ የሚችለው 1 አምፔር ነው። ካለፈ ሁለቱን እዚህ፣ አንዱን «ሲፒዩ ኦፕት» ላይ ከፋፍላቸው።

ዝምተኛ_ኬዝ፦

ካቻቢቴ ያለው ትክክል ነው፣ ስለ ሽቦዋ ቦታ ግን አልስማማም። እሷ «ሲፒዩ ፋን» ላይ ነው መሰካት ያለባት። ብዙ ቦርድ ሲነሳ የሚፈትሸው እሱን ነው። ዙር ካጣበት «ሲፒዩ ፋን ኤረር» ብሎ ይቆማል፣ ኤፍ1 ካልተጫነ አያልፍም። ከሦስት ፋን አንዱ ቢሞት ትንሽ ይሞቃል እንጂ ሥራ አይቆምም። ፓምፕ ከሞተ ግን ውሃው ባለበት ቆመ ማለት ነው። ሲፒዩው ሥራ ላይ ከሆነ ወዲያው 90 ዲግሪን አልፎ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል። ታዲያ ማንቂያው ለየትኛው ይሻላል? ፋኖቹ «ኦፕት» ላይ ይሂዱ።

ካቻቢቴ፦

ይሁን፣ ይሠራል። «ኦፕት» በአብዛኛው ቦርድ ላይ የሚሄደው በ«ሲፒዩ ፋን» ትእዛዝ ነው። «ሲስተም ፋን» ላይ ግን ዝም ብላችሁ እንዳትሰኩ። እሱ ብዙ ጊዜ የሚከተለው የማዘርቦርዱን ሙቀት ነው። ባዮስ ገብታችሁ ወደ ሲፒዩ ካልቀየራችሁት ሲፒዩው እየነደደ ፋኖቹ ያንቀላፋሉ።

ሌላም አንባቢ ስለሚኖር ልጨምር። ይህ ሁሉ ሳታ ላለው ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሳታ ከሌለውና ሦስት ወይም አራት ሽቦ ሙሉ ካለው፣ ኃይል የሚወስደው ከማዘርቦርዱ ነው። ያኔ «ሲፒዩ ፋን» ላይ ሰክታችሁ ባዮሱን ካልነካችሁት፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ሲፈታ ፓምፑንም እንደ ፋን ሊያዘገየው ይችላል። እንዲህ ያለውን «ኤአይኦ ፓምፕ» ላይ አድርጋችሁ ፉል ስፒድ መሆኑን አረጋግጡ። እዚያ ላይ ድርድር የለም።

ማታ_ገጣጣሚ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። (ካቻቢቴ፣ እህትህ ነኝ፣ ግን ችግር የለውም።) ሽቦዋን «ሲፒዩ ፋን»፣ ፋኖቹን በስፕሊተሩ «ኦፕት» ላይ አደረግኩ። አምፔሩ ሲደመር ከ1 በታች ነው። ዩኤስቢውም ገባ። አጠገቡ ያለው የኦዲዮ መሰኪያ ቁርጥ እሱን ይመስላል፣ የሚለያቸው የጎደለው ፒን ቦታ ብቻ ነው።

ተነሳ! ባዮሱ ፓምፑን በደቂቃ 2700 ዙር፣ ሲፒዩውን 38 ዲግሪ ይላል። እጄን ፓምፑ ላይ ሳሳርፍ ቀጭን ንዝረት አለው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ብሮውዘር በከፈትኩ ቁጥር ፋኖቹ እሪ ይሉና መልሰው ዝም ይላሉ። ሁለተኛ፣ የፋኖቹ መብራት ለብቻው ገመድ አለው፣ ሦስት ቀዳዳ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው የመብራት መሰኪያ ግን ባለ አራት ፒን ነው፣ 12 ቮልት ይላል። ትንሽ ገፋ ባደርገው ይገባል ወይ?

ዝምተኛ_ኬዝ፦

እንዳትገፊው! እስካሁን የሚቃጠል ነገር የለም ያልንሽ ለፋኖቹ ነው። ባለ ሦስት ቀዳዳው መብራት 5 ቮልት ነው። 12 ካገኘ አለቀለት። ቦርድሽ የ5 ቮልት መሰኪያ ከሌለው ኃይሉን ከሳታ የሚወስድ ትንሽ የመብራት ኮንትሮለር ለብቻው ይሸጣል። እስከዚያ አትሰኪው፣ ፋኑ ያለ መብራቱም ይዞራል።

ካቻቢቴ፦

እህቴ፣ ይቅርታ። ጩኸቱ ቀላል ነው። ሲፒዩው በሴኮንድ ውስጥ 15 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል፣ ውሃው ግን ያን ያህል ቶሎ አይሞቅም። ፋኖቹ የሚያቀዘቅዙት ውሃውን ነው፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዝላይ መሮጥ የለባቸውም። ባዮሱ ውስጥ የፋን ገጽ ላይ፣ ፋኑ ፍጥነቱን ቶሎ ቶሎ እንዳይቀያይር የሚያደርግ ማዘግያ አለ። ስሙ ከቦርድ ቦርድ ይለያያል፣ የሚለካው ግን በሴኮንድ ነው። መጨመርያውንም መቀነሻውንም ከፍ አድርጊው። ከ60 ዲግሪ በታች ደግሞ የፋኑ የፍጥነት መስመር ጠፍጣፋ ይሁን።

ራዲያተሩን ፊት ለፊት ከሆነ ያሰርሽው፣ ላይኛው ጫፉ ከፓምፑ ከፍ ማለቱን እዪ። ውስጥ ያለው ትንሽ አየር ከፍ ወዳለው ቦታ ነው የሚሄደው፣ እዚያ ፓምፑ ካለ መንጎርጎር ይጀምራል።

ማታ_ገጣጣሚ፦

ጣሪያው ላይ ነው ያሰርኩት። ማዘግያውን አሁን አገኘሁት፣ ዜሮ ላይ ነበር።