ረስት፦ ቬክተር ላይ እየዞርኩ እዚያው ላይ ፑሽ ማድረግ አልቻልኩም
ሰላም፣ እባካችሁ እርዱኝ። በረስት የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በምጽፈው ኮድ ውስጥ የፎልደር ስሞች የያዘ የስትሪንግ ቬክተር (የጽሑፎች ዝርዝር) አለኝ። በፎር ሉፕ አንድ በአንድ እያየሁ፣ ውስጡ ሌላ ፎልደር ካገኘሁ ያንኑ ቬክተር ላይ ፑሽ ማድረግ (መጨረሻው ላይ መጨመር) ነው የምፈልገው። ቬክተሩን በቀጥታ ለሉፑ ስሰጠው ባለቤትነቱ አብሮ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ መንካት የለም። በአይተር (ባለቤትነቱን ሳይወስድ በሚያነበው) ስዞር ደግሞ ኮምፓይለሩ ፑሽ የምትለዋ መስመር ላይ በስህተት ኢ0502 (እየተነበበ ያለን ነገር መለወጥ አይቻልም በሚለው) ያቆመኛል። ምክንያቱ ገብቶኛል፦ ቦታ ከጠበበው ቬክተሩ ሜሞሪ ላይ ወደ ሌላ ቦታ ሊዛወር ይችላል፣ ያኔ የያዝኩት ሪፈረንስ የሚጠቁመው ወደተለቀቀ ቦታ ነው። ክሎን አድርጌ በቅጂው ብዞር ኮምፓይል ያደርጋል፣ ግን አዲስ የተጨመሩትን አያያቸውም፤ እኔ ዋናው የምፈልገው እነሱን ነው! እና ምን ይሻላል? በኢንዴክስ (በተራ ቁጥር) ልዙር ወይስ በዋይል ሌት ከፖፕ ጋር (ቬክተሩ ባዶ እስኪሆን አንድ አንድ እያነሳሁ)? ፖፕ ከመጨረሻ ስለሚያነሳ ቅደም ተከተሉ እንዳይፋለስብኝ ሰግቻለሁ።