የኢሞ ጥሪ ይነሳል፣ ድምፅ ግን የለም፤ እባካችሁ ዛሬውኑ መልስ እፈልጋለሁ

ጠያቂ (ሐይቅ)፦ አሰላሙ ዐለይኩም ወገኖቼ። እማዬ ነገ ጠዋት ደሴ ላይ የዓይን ቀዶ ሕክምና ይደረግላታል፤ የታናሽ እህቴን ድምፅ ሳልሰማ አልገባም ብላ ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ተቀምጣለች። በኢሞም በዋትሳፕም ስደውል ይጠራል፣ እህቴም ታነሳለች፣ ነገር ግን ድምፅ ሳይሰማ ይቋረጣል። ባለፈው ወር በደንብ እንነጋገር ነበር። እዚህ ዘግተውብን ይሆን?

አባል (ኮምቦልቻ)፦ ስልኩን አጥፍተሽ ክፈቺው፤ ኢሞንም አድሺው።

አባል (ደሴ)፦ ነገሩን ከሥሩ መረዳት ይገባል። ቀድሞ ከውጭ ለሚገባ ጥሪ በየደቂቃው ክፍያ ይቀበሉ የነበሩ ኩባንያዎች፣ ድምፅ በኢንተርኔት መተላለፍ ከጀመረ ወዲህ የሚሸጡት ዳታውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ስካይፕ ሲመጣ ብዙ መንግሥታት የደነገጡት በዚህ ምክንያት ነበር፤ በእኛም ሀገር አዋጅ ቁጥር 761/2004 የስልክ ጥሪ አገልግሎትን በኢንተርኔት መስጠትን በወንጀልነት ደንግጓል። የውጭ ስልክ ለመነጋገር ወረፋ ይዘን ስማችን እስኪጠራ የምንጠብቅበትን ጊዜ አልረሳውም።

አባል (መርሳ)፦ እኔም አጥፍቶ መክፈቱን እደግፋለሁ።

አባል (ወልድያ)፦ እህት ዓለም፣ እዚህ የተዘጋ ነገር የለም፤ እኔ አሁን በኢሞ ተነጋግሬ መዝጋቴ ነው። እህትሽ የት ሀገር ናት?

ጠያቂ፦ ዱባይ። ቤይሩት ነበረች፣ ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። የድምፅ መልእክቷ ግን ይደርሳል።

አባል (ባቲ)፦ ቪፒኤን፣ ማለትም የኢንተርኔት እገዳን የሚያሳልፍ መተግበሪያ፣ ትጫንና ትደውል።

አባል (ወልድያ)፦ ይህን አትምከሯት! በኤምሬትስ ሕግ ቪፒኤንን ለተከለከለ ነገር መጠቀም ከ500,000 ድርሃም የሚጀምር ቅጣት አለው፤ የቤት ሠራተኛ ይህን ከየት ታመጣለች? እዚያ የተዘጋው ፈቃድ በሌላቸው መተግበሪያዎች የሚደረግ የቀጥታ ጥሪ ነው። ጽሑፍና የተቀዳ ድምፅ ስለማይዘጋ ነው መልእክቷ የሚደርሰው። ፈቃድ ካላቸው አንዱ ቦቲም ነው፤ አንቺም እሷም ጫኑት፣ አንዳችሁ ብቻ ብትጭኑት አይሠራም። ዛሬ ማታ ካልተሳካላችሁ እህትሽ በመደበኛው መስመር ለሁለት ደቂቃ ትደውል፤ ውድ ቢሆንም እማዬ ሳትተኛ ይድረስላት።

አባል (ባቲ)፦ ቅጣቱን አላወቅሁም ነበር፤ ምክሬን ትቻለሁ። እማማ ሰሙላት?